ከአንድ ድስት የሚበሉ ስንት ናቸው?

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «በዓለም ላይ ለችግር ስለተጋለጡ ሕፃናትና ስለ ሰብአዊ ርዳታ ግማሽ ሰዓት ተናገሪልን» ሲሉኝ እሺ አልኩ። የደነገጥኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ዓለምን በግማሽ ሰዓት! ስለዚህ ዓለምን ለሌላ ሰው ትቼዋለሁ። የማውቀውን ልንገራችሁ። የማውቀው ዲላን ነው፤ ከዲላ አልፎ ደግሞ ይርጋጨፌን፣ ኮቸሬን፣ ጌዴብን። ተወልጄ ያደግሁት ዲላ፣ ሐኪም የሆንኩት ጅማ ነው። ከቡና አገር ወደ ቡና አገር ማለት ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በዶርም ውስጥ «የማን ቡና ይበልጣል» የሚለው ክርክር እኔን ብቻዬን ይጠብቀኝ ነበር። ዛሬም የሚጠብቁኝ ፊቶች አያለሁ፤ ቆዩ፣ እመለስበታለሁ።

ጌዴኦን ያላየ ሰው ረሃብ እዚያ ይገባል ቢሉት አያምንም። ከአዲስ አበባ በሞያሌ መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ዲላን ስታልፉ ተራራው ከሥር እስከ አናቱ አረንጓዴ ነው። ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ መሀል ቡና። በ2016 መስከረም የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እኔም እንደ ሁሉም የዲላ ልጅ ስልኬ ላይ ፎቶ እየለጠፍኩ አመሸሁ። ግን ያ አረንጓዴ ብዙ አፍ ነው የሚመግበው። በ1999 በተካሄደው ቆጠራ ዞኑ 847 ሺህ ሰው ነበረው፤ ስፋቱ ደግሞ 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ማለት ነው። ኢንጂነሮቹ በካልኩሌተር እያረጋገጡ እንደሆነ አያለሁ። የብዙ ገበሬ ማሳ አንድ ሄክታር አይሞላም። በዚህ የተነሳ ብዙ ጌዴኦዎች ከጥንት ጀምሮ ወደ ጎረቤት ወደ ጉጂ ምድር እየተሻገሩ ሲያርሱ፣ ሲነግዱ፣ ሲጋቡ ኖረዋል። ሁለቱ ሕዝቦች ሲጣሉም በሽማግሌ ደም የሚያደርቁበት ጎንዶሮ የሚባል የእርቅ ሥርዓት አላቸው።

በ2010 ሚያዝያ፣ ቀጥሎም በሰኔ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በሐምሌ መግቢያ ላይ ከሁለቱ ዞኖች የተፈናቀለው ሰው ከ950 ሺህ በልጦ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 750 ሺህ የሚጠጋው በጌዴኦ ዞን፣ 210 ሺህ የሚጠጋው በምዕራብ ጉጂ። እስቲ ቅድም ካልኳችሁ ከ847 ሺህ ጋር አስተያዩት። አንድ ዞን በጥቂት ወራት ውስጥ በዚያ ቆጠራ የነበረውን ሕዝብ ያህል ሊሆን ጥቂት የቀረው እንግዳ ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በግጭት ምክንያት በአዲስ መልክ በተፈናቀሉ ሰዎች ቁጥር ከዓለም አንደኛ የነበረችው አገራችን ናት፤ ወደ 2.9 ሚሊዮን ሰው። ሶርያ አይደለችም፣ ኮንጎም አይደለችም። እኔ ራሴ ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነበው የትየባ ስህተት መስሎኝ ነበር።

ያኔ የሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊቲዬን ጨርሼ አዲስ አበባ እሠራ ነበር። እናቴ ከዲላ ደወለችና «ልጄ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሰው ሆኗል፤ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?» አለችኝ። እናቴ ስትጠይቅ ጥያቄ አይደለም። ፈቃድ ወስጄ ከአንድ ረድኤት ድርጅት ጋር ወደ ጌዴብ ወረድኩ። ለሁለት ወር ብዬ ነበር፤ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረው ተመለስኩ።

ሰዉ ያረፈው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በር መስኮት ያልገባላቸው ጅምር ሕንፃዎች ውስጥ ነው። ክረምት ነው፣ የጌዴብ ክረምት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። የእኛ ማረጋጊያ ማዕከል ሁለት ድንኳንና አንድ የቆርቆሮ ክፍል ነበር። የጤና ሰው ላልሆናችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር የሆነ ሕፃን የላይኛው የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ለሞት የቀረበ ነው። ጠቋሚና አውራ ጣታችሁን አገናኙና ክብ ሥሩ፤ በግምት ያን ያህል ነው፣ ምናልባትም ያንሳል። እንዲህ ያለ ልጅ የምግብ ፍላጎት ካለውና ሌላ ሕመም ከሌለበት ፕላምፒነት ይሰጠውና እየተመላለሰ ቤቱ ይታከማል። ሰውነቱ ካበጠና ከደከመ፣ መብላት ካቃተው፣ ትኩሳት ወይ ብርድ ከያዘው እኛ ጋ ይተኛል። ኤፍ 75 የሚባለው ወተት በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በትንሽ በትንሹ ይሰጠዋል። ወጣት ሐኪሞች ሲመጡ የመጀመሪያው ትግል እጃቸውን ከግሉኮስ ከረጢቱ ማራቅ ነው፤ የተራበ ልብ በደም ሥር የሚገባ ብዙ ፈሳሽ አይችልም። ልጁን ማጣደፍ ይገድለዋል።

ቤት ውስጥ የማከሙ ዘዴ፣ በነገራችን ላይ፣ ከሩቅ የመጣ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 ቀድመው ከሞከሩት ቦታዎች አንዱ የእኛው ሐዲያ፣ በደዋቾ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የተጎዳ ልጅ ከእናቱ ጋር ለሳምንታት ማዕከል ይተኛ ነበር። ከበደዋቾና መሰል ቦታዎች የተገኘው ውጤት ተጠራቅሞ በ2007 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለዓለም ሁሉ መከሩት። አሁን ኒጀርም ባንግላዴሽም የሚታከም ሕፃን ከሐዲያ እናቶች የተማርነው ነገር ይደርሰዋል። ፕላምፒነቱም እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሒሊና ፋብሪካ ይመረታል። ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ ብቻ ለሚያወራ የውጭ እንግዳ ይህንን መንገር ደስ ይለኛል፤ ትንሽ ጉራ ይፈቀድልኝ።

አሁን ልነግራችሁ ወደመጣሁት ልግባ።

አንዲት እናት ነበረች። በምዕራብ ጉጂ፣ ቀርጫ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ ጌዴኦዎች ናቸው። የዓመት ተመንፈቅ ሴት ልጇን ይዛ መጣች፤ ክንዷ 10.7። አስተኛናት፣ ተረጋጋች፣ መብላት ጀመረች፣ የሳምንት ፕላምፒነት ቆጥረን ሰጥተን ሸኘናት። በሳምንቱ ስትመለስ ልጅቷ ክብደት ቀንሳለች። ሌላ ድርሻ ሰጠን። በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ቀነሰች። ትኩሳት የለ፣ ተቅማጥ የለ፣ ሳል የለ። ፓኬቱ ገበያ ላይ እየተሸጠ ነው የሚል ወሬ በዚያ ሰሞን ሰምተናል። ድካምም ነበረብኝ፤ ሰበብ አይሆንም እንጂ። ሰልፉ ሁሉ እየሰማ «ሸጥሽው አይደል?» አልኳት።

የምታስተረጉምልኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች፤ ዕድሜዋ ከሃያ አምስት የማይበልጥ፣ እሷም የራሷ ቤት በዘመድ ተፈናቃይ የሞላ። አልተረጎመችውም። ዝም አለች። «ንገሪያት እንጂ» ስላት «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ይህንን አልነግራትም። መጀመሪያ ያሉበትን ይዩ» አለችኝ።

ተናድጄ ነው የሄድኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጥፋተኝነቷን ላረጋግጥ ነው የሄድኩት።

አንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ወደ አሥር ቤተሰብ ይሆናል። የእሷ ድርሻ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ያለችው ጥግ ናት። ሰባት ልጆች ተቀምጠዋል። አራቱ የራሷ፤ ሁለቱ ሲሸሹ ከጠፋች እህቷ ልጆች፤ አንዷን የማን እንደሆነች እንኳን አታውቅም፤ መንገድ ላይ እጇን ይዛ የተከተለቻት ናት። በቀን ሁለት ፓኬት ትከፍትና በማንኪያ እጀታ ለሰባት ታካፍላለች። ሁለት ፓኬት አንድ ሺህ ካሎሪ ነው፤ ለሰባት ስታካፍሉት ለአንዱ 140 ቢደርሰው ነው። ቤተሰቡ ማግኘት የነበረበት እህል ደግሞ ሦስት ሳምንት ዘግይቷል። «ለእሷ ብቻ የተሰጠ መድኃኒት ነው» አልኩ፤ አሁን ተተረጎመ። መልሷም ተተረጎመልኝ፦ «ስድስቱ እያዩኝ አንዷን እንዴት ላጉርስ?»

መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም። የእኔ እናት ብትሆን ምን ታደርግ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ እንደሷ ነው የምታደርገው።

እንግዲህ ጥፋቴ ይህ ብቻ ቢሆን ዛሬ ይህን ያህል ባልከበደኝ። ከእህቷ ልጆች አንዱ የአራት ዓመት ገደማ ወንድ ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ሌሎቹ አጥንታቸው ወጥቷል፣ የእሱ ጉንጭ ግን ሞላ ብሏል። ክፍሉ ጨለምለም ያለ ነበር። «ይሄኛውስ ደህና ነው» አልኩ፤ ራሱን ዳበስኩት፤ ወጣሁ። እግሩን አልጫንኩም። እዚህ ያላችሁ የሕክምና ሰዎች ገብቷችኋል። እግሩን በአውራ ጣቴ ሦስት ሰከንድ ብጫነው ኖሮ ይጎደጉድ ነበር። ለተማሪ በየሳምንቱ የማስተምረውን ነገር ነው ሳላደርግ የወጣሁት።

የጌዴኦ ዋና ምግብ ቆጮ ነው። ቆጮ ሆድ ይሞላል፣ ፕሮቲን ግን ብዙም የለውም። በደህናው ቀን ወተቱ፣ ጎመኑ፣ ባቄላው ያሟላዋል፤ የቡናው ገንዘብ ያንን ይገዛል። የተፈናቀለ ሰው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚለቀመው ቡናው አመለጠው። እንሰቱ ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ የሚተካው በአንድ ክረምት አይደለም፤ ተተክሎ ለመብል እስኪደርስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ በየመጠለያው ያየነው ሕፃን ብዙው የከሳ ብቻ ሳይሆን ያበጠም ነበር። ኳሺዮርኮር የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ወደ ሕክምና ያስገባችው ሲሲሊ ዊሊያምስ የምትባል ሴት ሐኪም ናት፤ በዛሬዋ ጋና ትሠራ ነበር። ስሙን ራሷ አልፈጠረችውም፣ የጋ እናቶችን ጠይቃ ነው ያገኘችው። ተከታዩ ሲወለድ ከቦታው የሚነሳ ልጅ የሚይዘው ሕመም ማለት ነው። ከቦታው የተነሳ ልጅ። ይህንን ትርጉም ለፈተና ሸምድጄው ነበር፤ የገባኝ ጌዴብ ነው።

በአራተኛው ቀን ሌሊት አክስቱ አዝላው መጣች። ሰውነቱ ቀዝቅዟል፣ ስኳሩ ወርዷል፣ እብጠቱ ፊቱ ደርሷል። ያለንን ሁሉ አደረግን። ሊነጋ ሲል አረፈ።

አላለቀሰችም ያኔ። ከቀብር በኋላ በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣችና «ወረቀት ጻፊልኝ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። እህቷ በሕይወት እንዳለች፣ ኮቸሬ ያለ መጠለያ ውስጥ እንደታየች ሰው ነግሯታል። «አደራዋን ነው ያጠፋሁት። ስንገናኝ በረሃብ እንደገደልኩት እንዳታስብ፣ ሐኪም ያየው መሆኑን የሚናገር ወረቀት ስጪኝ» አለች። ማኅተም እንዲኖረው ደጋግማ ለመነችኝ።

ጻፍኩላት። የሞት ምክንያት፦ ከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ከእብጠት ጋር። ከዚያ የሕክምና ወረቀት ላይ የማይጻፍ ነገር ጨመርኩ፦ «አክስቱ ከራሷ ልጆች እኩል ስታካፍለው በዓይኔ አይቻለሁ። ቀድሞ መታየት ሲገባው ያላየሁት እኔ ነኝ።» ፈረምኩ፣ ማኅተም አደረግሁ። አለቃዬ በኋላ ሰምቶ «እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል እንዴ?» ብሎኛል። ልክ ሳይሆን አይቀርም። ወረቀቱን ግን አልመለስኩትም።

ልጅቷ ዳነች። እሷን ያዳናት የእኔ ወተት ብቻ አይደለም፤ ወዲያው በተከታዩ ሳምንት እህል መጣ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚበቃ። ሰባቱ፣ አሁን ስድስቱ፣ ሲበሉ የእሷ ፓኬት የእሷ ሆነ።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ለወጥን፣ በጣም ትንሽ ነገር። ቅጹ ላይ «የልጆች ቁጥር» የሚል ሣጥን ነበር፤ እናቶች የወለዱትን ይናገራሉ፣ እኛም እሱን እንሞላለን። ያቺው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ «ጥያቄው እኮ ነው ልክ ያልሆነው» አለችና በጌዴኡፋ አስተካክላ መጠየቅ ጀመረች፦ ከአንድ ድስት የሚበሉ ስንት ናቸው? በእስክሪብቶ መስመር አሰምረን አንድ አምድ ጨመርን። ሦስት ያለችው ስምንት ሆነች። አራት ያለችው ዘጠኝ። የጠፉ ልጆች፣ የሞተ ወንድም ልጆች፣ የጎረቤት ልጆች፤ በየትኛውም ዝርዝር ላይ የሌሉ። አንዱ ልጅ ሲመጣ ከድስቱ የሚበሉት ሁሉ እንዲለኩ፣ እግራቸውም እንዲጫን አደረግን። ለእናቶቹም የክንድ መለኪያውን ሰጥተን አሳየናቸው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ነው፣ ማንበብ አይጠይቅም። ይህ ኒጀር ውስጥ ተሞክሮ እናቶች ከሠለጠነ ሠራተኛ የማያንስ መለካት እንደሚችሉ የታየበት ነገር ነው። እኔ አዲስ አላመጣሁም፤ አርፍጄ ነው የደረስኩት።

የቀረውን ባጭሩ። ተፈናቃዮቹ ወደ መጡበት እንዲመለሱ ተባለ፤ ርዳታውም ወደ መመለሻው ዞረ። የተመለሱ አሉ፣ ሄደው ፈርተው እንደገና የሸሹ አሉ። በ2011 መጋቢት የጌዴብ ጎቲቲ ስም በዓለም ዜና ላይ ሲነሳ እኛ ውስጡ ነበርን። ስለዚያ ብዙ መናገር ይቻላል፤ ፖለቲካውን ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት እዚህ ተቀምጠዋል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ መመለስ ያለበት ሰው ምን በልቶ እንደሚመለስ ሳይጠየቅ የመመለሻው ቀን ተቆርጦ ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ ያለ ልመና አልሄድም።

መምህራን፣ ጅማ ያስተማረችን ትልቁ ነገር ቲቲፒ ነው። ሐኪሙ፣ ነርሱ፣ ፋርማሲው፣ ላቦራቶሪው፣ የአካባቢ ጤናው አንድ ላይ ተጠራርቶ ጤና ጣቢያ መውረዱ። እኔ አጋሮ ነበርኩ፤ ቤት ለቤት እየዞርን መጠይቅ ስንሞላ እንዴት እንደምንማረር ታስታውሳላችሁ፤ ገሚሱን ጥላ ሥር ቁጭ ብለን የሞላነውም አንጠፋም፣ ስም አልጠራም። እባካችሁ ያንን መጠይቅ አውጡትና እዩት። «የቤተሰብ ቁጥር» የሚለውን ጥያቄ ተማሪው በኦሮምኛ ሲጠይቀው እናትየው ምን እንደምትሰማ፣ የማደጎውንና የተጠጋውን ልጅ ትቆጥረው እንደሆነ አጣሩ። ለአንድ ሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው፣ ገንዘብም ብዙ አይፈልግም።

የቀድሞ ተማሪዎች፣ በተለይ ውጭ ያላችሁ፤ ልባችሁ ትልቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ልብስ አትላኩ። በ2010 ከደረሱን ከረጢቶች አንዱን ስንፈታ ሙሉውን ክራባት ነበር። ልጆቹ ዝላይ ገመድ አደረጉት፤ ያ ብቻ ነው የተጠቀምንበት። በ2017 ጥር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ካስቆመ ወዲህ ደግሞ ትልቁን ቧንቧ ተማምነን መቀመጥ እንደማንችል ሁላችንም አይተናል። እኛ ፕላምፒነት አንገዛም፤ አቅማችን አይደለም። የምንችለው ትንሹን ነው፦ ልጇን ይዛ የተኛች እናት ቤት ያሉት ልጆች ምን ይበላሉ? ብዙ እናቶች ልጃቸው ሳይድን በሌሊት ጥለው የሚወጡት ስለማይገባቸው አይደለም፣ ቤት ሌሎች ስላሉ ነው። እናትየው ማዕከል በቆየችበት ሳምንት ቤት ላሉት የሚሆን በቆሎ፣ ባቄላና ዘይት፣ የመመለሻዋም ትራንስፖርት። ዲላ ላይ ከሦስት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ሆነን ከኪሳችን ጀምረነዋል፤ በጣም ትንሽ ነው፣ ድርጅት አይደለም፣ ስምም የለውም። ማኅበሩ ቢይዘው ሒሳቡ በሥርዓት ይሆናል። ለዚህ ነው አንድ ደብተር በር ላይ ያስቀመጥኩት።

ባለፈው ዓመት ጌዴብ ሄጄ ነበር። እናትየውን አላገኘኋትም፤ ወደ ቀርጫ ተመልሳ እንሰት ተክላለች አሉኝ። ወረቀቱን ለእህቷ አሳይታት እንደሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠየቅኳት። እሷ አሁን አግብታ ሁለት ወልዳለች። «ሁለቱም ማንበብ አይችሉም እኮ ዶክተር» አለችኝ። «እኔው ነኝ ያነበብኩላቸው። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።»

ቡና ውጪ ተፈልቷል፤ ከይርጋጨፌ ያመጣሁት ነው። የጅማ ልጆች አትቀየሙ፣ ቅመሱና ተከራከሩኝ፤ ደብተሩ ከጀበናው አጠገብ ነው።